«እስኪጠግቡ ይብሉ» ለመቱ ያዋጣል?

«አንድ ጊዜ ይክፈሉ፣ እስኪጠግቡ ይብሉ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ታዲያ ባለቤቱ ምን ያተርፋል?» ብሎ ነው። የሚቀርበው ምግብ የጃፓኖቹ ሱሺ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይጠነክራል። በሆምጣጤ በተቀመመ ሩዝ ላይ የሚጋደመው ጥሬ ዓሣ በየትኛውም ገበያ ርካሽ ዕቃ አይደለምና። መልሱ የሚጠቅመው ግን ሱሺ ለሚያምረው ብቻ አይደለም፤ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ምግብ ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ባለገንዘብም ጭምር ነው።

ጃፓን ውስጥ በአንድ ዓመት ሁለት ተቃራኒ የአሸጣጥ ዘዴዎች ተወልደዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል ከስካንዲኔቪያ አገሮች የቀሰመውን የቡፌ አገልግሎት በአንድ ዋጋ ጀመረ። የምግብ ቤቱ ስም «ቫይኪንግ» ስለነበር ጃፓኖች ዛሬም ቡፌን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። በዚያው ዓመት በኦሳካ ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለ ባለምግብ ቤት የቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ ማጓጓዣ ቀበቶ አይቶ ሱሺውን በደንበኞች ፊት በሚዞር ቀበቶ ላይ አስቀመጠ፤ ሒሳቡም በሳህን ቁጥር ሆነ። የመጀመሪያው በሆድ፣ ሁለተኛው በሳህን የሚሸጥ መሆኑ ነው።

በሆድ የሚሸጠው የሱሺ ቤት ታዲያ ዝም ብሎ በሩን አይከፍትም። ብዙዎቹ ለመመገቢያ የ90 ወይም የ120 ደቂቃ ገደብ ያስቀምጣሉ። ታዝዞ የተረፈ ምግብ ለብቻው የሚያስከፍልባቸው ቤቶች አሉ። ሩዙ ሆድ ይሞላል፣ ዓሣው በስሱ ይቆረጣል፣ ውድ የሆነው ዓይነት በቁጥር ይገደባል። መጠጡ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ውስጥ አይካተትም፤ ትርፉም በከፊል ከዚያ ይለቀማል።

ሌላው የሒሳቡ ምሥጢር በአማካይ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ዋጋው 300 ብር ይሁን። ጥቂት የሚበላው የ60፣ መካከለኛው የ120፣ ጎበዝ በላተኛው የ240 ብር ምግብ ያነሳል እንበል። ከ10 ሰዎች 3ቱ ጥቂት፣ 5ቱ መካከለኛ፣ 2ቱ ጎበዝ በላተኞች ከሆኑ የምግቡ ወጪ 1,260 ብር ነው። ከ3,000 ብሩ 1,740 ብር ለኪራይ፣ ለደመወዝ፣ ለማገዶና ለግብር ይተርፋል። ከ10ሩ 7ቱ ጎበዞች፣ 3ቱ መካከለኞች ሲሆኑ ግን ወጪው 2,040 ብር ይደርሳል፤ የሚተርፈው 960 ብር ብቻ ነው። ባለቤቱ ደንግጦ ዋጋ ቢጨምር ደግሞ የሚሸሹት ጥቂት የሚበሉት ናቸው። ቤቱ ለጎበዞቹ ይቀርና ኪሳራው ይብሳል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ሬድ ሎብስተር የተባለው የአሜሪካ የባሕር ምግብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ያቀርበው የነበረውን «ማለቂያ የሌለው ሽሪምፕ» በ20 ዶላር የዘወትር ምግቡ አደረገው። በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሩብ የ11 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ተመዘገበ፤ በግንቦት 2024 ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከባድ የቤት ኪራይና የአመራር ችግርም አብረው እንደነበሩ ባይካድም፣ ሽሪምፑ ሸክሙን አክብዶታል።

ወደ መቱ ሲመጣ ጥሬ መብላት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርጥ በአዋዜና በሚጥሚጣ የሚያጣጥም ደንበኛ ዋሳቢን አይፈራም። ነገር ግን ሥጋ ቤቱ ቁርጡን የሚሸጠው በኪሎ እንጂ በሆድ አይደለም፤ ውድ ዕቃ መመዘን እንዳለበት ከማንም ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። ዓሣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የአካባቢው ዋነኛ የዓሣ ምንጭ የባሮ ወንዝ ነው፤ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በጥሬው ሲበላ ጥገኛ ትላትል ሊያስተላልፍ ይችላል። የአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥሬው የሚበላ ዓሣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀናት እንዲቀዘቅዝ ይመክራል። ከጋምቤላ ሙቀት ተነስቶ የጎሬን ዳገት የሚወጣ ዓሣ ይህን እንዲያሟላ ማቀዝቀዣ መኪናና የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። ሩዙ እንኳ ያን ያህል አይርቅም፤ ቀድሞ በኢሉባቦር፣ አሁን በቡኖ በደሌ ዞን ያለችው ጨዋቃ ሩዝ አምራች ናት። ሱሺውን የሚያስቀረው ዓሣው ነው።

ሐሳቡ ግን ከሱሺው ጋር አብሮ መጣል የለበትም። በአዲስ አበባ የጾም ቡፌ በአንድ ዋጋ ማቅረብ የተለመደ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች እንደ ዓሣ ኪስ አይጎዱም፤ የመቱ አካባቢ ጎደሬም በሱሺው ሩዝ ቦታ ሆድ መሙላት ይችላል። በእኛ ቤት መጠንቀቅ የሚያሻው እንጀራው ላይ ነው፤ ጤፍ የሩዙን ያህል ርካሽ ሙሌት አይደለምና።

ከምግቡ ይልቅ ወሳኙ የደንበኛው ስብጥር ነው። በዩኒቨርሲቲው በር ወይም የቡና መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር «እስኪጠግቡ» ብሎ መለጠፍ ጎበዞቹን ብቻ መጥራት ይሆናል። ለእነዚህ የሚሻለው የለመዱት የወር ኮንትራት ወይም በሳህን መሸጥ ነው። በመሥሪያ ቤቶች አቅራቢያ ግን ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ ይመጣል። የምሳ ሰዓቱ አጭር ስለሆነም ጃፓኖች በደንብ ያስቀመጡትን የጊዜ ገደብ የቢሮው ሰዓት በነፃ ያስከብራል።

ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ባለሀብቱ አንድ ሳምንት ሊከፍት ባሰበበት ሰፈር በምሳ ሰዓት ቆሞ ማን እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚበላ ቢቆጥር ይበጀዋል። ከ10ሩ ስንቱ ጎበዝ እንደሆነ ሳያውቅ ዋጋ የሚለጥፍ ሰው፣ የሚያጠግበው ደንበኛውን እንጂ ካዝናውን አይሆንም።