ስለ አየር ሙቀትና ከሰማይ ሆኖ ስለሚለካበት መሣሪያ

1. በሰውነት የሚታወቅ ሙቀትና በመለኪያ የሚታወቅ ሙቀት

ሰው ሙቀትንና ብርድን በሰውነቱ ያውቃል፤ ነገር ግን በሰውነቱ ሊመዝነው አይችልም። ከጉና ደጋ ወርዶ ወረታ ገበያ የገባ ሰው አገሩ ሁሉ የጋለ ይመስለዋል፤ ከመተማ ቈላ የመጣው ግን በዚያው ቀን ጋቢውን ይደርባል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ዳሩ ግን ሁለቱም አልለኩም። እንዲሁም ሽማግሌዎች «የዛሬው ፀሐይ እንደ ቀድሞው አይደለም» ቢሉ፤ ነገሩ እውነት ይሁን ወይም የእርጅና ስሜት ይሁን ለመለየት፤ ቀን በቀን ተለክቶ የተጻፈ ቍጥር ያስፈልጋል።

ይህም ጕዳይ እንጀራን የሚነካ ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚበቅለው በክረምቱ ዝናምና ርብና ጉማራ ከጉና ይዘው በሚወርዱት ውኃ ነው። አየሩ በሞቀ መጠን ውኃው ፈጥኖ ይተናል፤ የእህሉም ጥማት ይበዛል። ስለዚህ ሙቀቱ በእውነት እየጨመረ እንደ ሆነና በምን ያህል እንደ ጨመረ ማወቅ ይገባል።

2. ሳተላይት ሙቀትን እንዴት ይለካል

ሳተላይት ማለት ሰው ሠርቶ በሮኬት ኃይል ወደ ሰማይ ያወጣው፤ እንደ ጨረቃም ምድርን የሚዞር መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያም ምድርን የምትመለከት የመጀመሪያዪቱን ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አገር አስወነጨፈች። የአየርን ሙቀት የሚለኩት ግን ሌሎች ናቸው። የእነዚህም ሥራ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. (1978 እ.ኤ.አ.) ቲሮስ ኤን የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት በወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እየተተካ ልኬቱ እስከ ዛሬ ደርሷል። እነዚህ መሣሪያዎች ከምድር 850 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፤ ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ እየተመላለሱ፤ በ100 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራሉ።

ከዚያ ርቀት ሆኖ ቴርሞሜትርን ወደ ወረታ ማውረድ አይቻልም። ታዲያ በምን ይለካል ቢሉ፤ ብረት ቀጥቃጭ ብረቱን በእጁ ሳይነካ ከፍሙ መልክ መጋሉን እንደሚያውቅ ያለ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክሲጅን ነው። ይህም ኦክሲጅን ማይክሮዌቭ የሚባል ዓይን የማያየው ጨረር ዘወትር ይሰጣል፤ በሞቀ ጊዜ ጨረሩ ይበረታል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ይደክማል። ሳተላይቱ ይህን ጨረር ተቀብሎ ኃይሉን ይመዝናል፤ ከዚያም የአየሩ ሙቀት በሒሳብ ይገኛል። ደመናም ይህን ጨረር እምብዛም ስለማይከለክለው፤ የፎገራ ሰማይ በሐምሌ ሲዳምን እንኳ ልኬቱ አይቋረጥም።

3. የአየር ደርብ

አየር እንደ ቤት ደርብ አለው። በታችኛው ደርብ፤ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ብርድ ይጨምራል፤ ይኸውም በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ገደማ ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጉና የሚበርደው ስለዚህ ነው። በእኛ አገር አቅጣጫ ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው ደርብ ይጀምራል።

የሳተላይቶቹ ልኬት ታችኛው ደርብ እንደ ሞቀ፤ ላይኛው ደርብ ግን እንደ ቀዘቀዘ አሳይቷል። የሙቀቱ ምክንያት የፀሐይ መበርታት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በሞቁ ነበር። ከእንጨት፤ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ታችኛውን እንደሚያሞቅና ላይኛውን እንደሚያቀዘቅዝ ማናቤና ዌዘራልድ የተባሉ ሊቃውንት ሳተላይቶቹ ከመውጣታቸው አስቀድመው በ1967 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳይተው ነበር። ለላይኛው ደርብ መቀዝቀዝ ኦዞን የተባለው የአየር ክፍል መሳሳትም ድርሻ አለው።

4. ስሕተት እንዴት ገባ፤ እንዴትስ ታረመ

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የወረታን ሙቀት ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ቢለካ፤ በሁለተኛው ዓመት በ9 ሰዓት፤ በሦስተኛው ደግሞ በ11 ሰዓት ቢለካ፤ ቍጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ያነሰ ይሆናል፤ ተማሪውም አገሩ በረደ ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የተለወጠው ሰዓቱ ነው እንጂ አየሩ አይደለም። በሳተላይቶቹም ላይ የደረሰው ይህ ነው። ከቀትር በኋላ የሚያልፉት፤ ዓመት ባለፈ ቍጥር ወደ ማታ እየዘገዩ ሄዱ፤ ደግሞም ላይ ያለው ስስ አየር እየጐተታቸው ጥቂት በጥቂት ዝቅ አሉ።

ሮይ ስፔንሰርና ጆን ክሪስቲ የተባሉ አሜሪካውያን በ1990 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሳተላይት ሙቀት መዝገብ ባወጡ ጊዜ፤ አየሩ እምብዛም እንዳልሞቀ ታየ። ከዚህም የተነሣ በሊቃውንት መካከል ብዙ ክርክር ሆነ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዌንትዝና ሻቤል የሳተላይቶቹ ዝቅ ማለት ቍጥሩን እንዳሳነሰ ገለጡ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚርስና ዌንትዝ የሰዓቱ ማረሚያ ሒሳብ ስሕተት እንዳለበት አገኙ። ስፔንሰርና ክሪስቲም ስሕተቱን ተቀብለው አረሙ፤ በየ10 ዓመቱ 0.09 ዲግሪ ያህል የነበረውን ጭማሪ ወደ 0.12 አደረሱት። ዛሬ ልዩ ልዩ መዝገቦች የታችኛው ደርብ ሙቀት በየ10 ዓመቱ ከ0.15 እስከ 0.2 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ያሳያሉ። እንግዲህ ስሕተትን ማመን ዕውቀትን ያጸናዋል እንጂ አያዋርደውም።

5. የምድር መለኪያ ስለምን ያስፈልጋል

እነዚያ የፊተኞቹ መሣሪያዎች በአንድ እይታ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ይይዙ ነበር። ስለዚህ የወረታን ሙቀት ከጣና ባሕርና ከጉና ተራራ ለይተው ሊናገሩ አይችሉም። የወረታን ሙቀት በወረታ የቆመ ቴርሞሜትር ይናገራል፤ ሳተላይቱ ደግሞ ሰው በሌለበት በረሃና ውቅያኖስ ያለውን ይናገራል። ሁለቱ እንደ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ሲስማማ ነገሩ ይጸናል።

የምድሩም ምስክር ሙቀት እንደ ጨመረ ይመሰክራል። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢትዮጵያ ሙቀት በአማካይ 1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። 1.3 ዲግሪ ለሰውነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ከሚለው ሒሳብ ጋር ቢያስተያዩት፤ አንድ አገር በስፍራው ሳለ 200 ሜትር ያህል ወደ ቈላ እንደ ወረደ ይቈጠራል። ሽማግሌዎቹ በስሜት የተናገሩትን መለኪያው በቍጥር አጸናላቸው።

ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት መለኪያውን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ፤ ፀሐይ በማይነካውና ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ፤ ከቆርቆሮና ከግድግዳ አርቆ ይስቀለው። ተማሪዎችም በየተራ፤ በየቀኑ፤ በአንድ ሰዓት ለክተው ይጻፉ። ያልተለካበትን ቀን ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። የመለኪያው ቦታ ወይም ሰዓቱ ቢለወጥ የተለወጠበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ይህ ሳይጻፍ ቢቀር በኋላ የሚመጣው አንባቢ የቦታውን ለውጥ የአየር ለውጥ አድርጎ ይወስደዋል። ዛሬ የሚጻፈው ቍጥር ለጻፈው ልጅ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሩዝ ለሚዘራው ለልጁ ግን ርስት ነው።

ጥያቄ
1. ሳተላይት አየሩን ሳይነካ ሙቀቱን በምን ያውቃል?
2. የመለኪያ ሰዓት ቢለወጥ ምን ስሕተት ይመጣል?
3. ሳተላይት ሳለ የወረታ ቴርሞሜትር ስለምን ያስፈልጋል?