ከልመና ወደ ምክር
የማንችስተር ነጋዴዎች ማኅበር ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለ ጠረጴዛ ነዎት እንበል። ዛሬ ተማሪ ቢሆኑም ነገ መሆንዎ አይቀርምና ግምቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ጧት ገብተው ገና ወንበርዎን ሳያሞቁ ሁለት ወረቀቶች ይቀርቡልዎታል። አንደኛው አንድ ነጋዴ በገዛ እጁ የጻፈው ማመልከቻ ነው፤ ቀረጥ በዛብኝ፥ ልጆቼን የማሳድርበት አጣሁ፥ እባክዎ ይዘኑልኝ ይላል። ሁለተኛው ከአንድ የንግድ ምክር ቤት የተላከ ነው፤ ቀረጡ በስንት ነጋዴዎች ላይ ምን ያህል እንዳረፈ፥ የዕቃው ዋጋ በስንት እንደጨመረ፥ የትኛው አንቀጽ ቢሻሻል የመንግሥት ገቢ ሳይጎድል ችግሩ እንደሚቃለል ይዘረዝራል።

በሁለቱም ወረቀቶች ውስጥ ያለው ችግር አንድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ልመና፥ ሁለተኛው ምክር ነው። ልመና በተለማኙ ደግነት ይፈጸማል፤ ምክር ግን በማስረጃው ይመዘናል። ታዲያ ልመና እንዴት ተለውጦ ምክር ይሆናል? በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ብዙ ሰው የማያየው፥ ጋዜጣም እምብዛም የማይጽፍለት የኮሚቴ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለመረዳት አንድ የታወቀ ታሪክ እንመልከት፤ ነገሩ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር ስለሆነ የዘመኑ ቁጥር በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ድምፅ ያልነበራት ከተማ

ማንችስተር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ መፍተያዎችና መሸመኛዎች ስለበዙባት የጥጥ ንግድ እንብርት ሆነች። ከአሜሪካ በመርከብ ወደ ሊቨርፑል ወደብ የሚገባው ጥጥ በእርስዋና በአካባቢዋ ተፈትሎና ተሸምኖ ወደ ብዙ አገሮች ይሸጥ ነበር። በ1830 ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ሆኖም ይህች ባለ ብዙ ፋብሪካ ከተማ እስከ 1832 ድረስ በለንደኑ ፓርላማ ውስጥ የራስዋ እንደራሴ አልነበራትም። ጥቂት ነዋሪዎች ብቻ የቀሩባቸው አሮጌ ቀበሌዎች ሁለት ሁለት እንደራሴ ሲልኩ ማንችስተር አንድም አትልክም ነበር።

እንግዲህ የከተማይቱ ነጋዴዎችና ባለ ፋብሪካዎች በ1820 የንግድ ምክር ቤት ማቋቋማቸው አያስደንቅም። ስለ ቀረጥና ስለ ውጭ ንግድ የሚመክሩበት ጉባኤ፥ ለመንግሥትም ሐሳባቸውን የሚያቀርቡበት አፍ አስፈልጓቸው ነበርና።

ዳቦን ያስወደደ ሕግ

ከናፖሌዎን ጋር የተደረገው ጦርነት በ1815 ሲያበቃ ፓርላማው የእህል ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የአገሩ ስንዴ ዋጋ በኳርተር 80 ሺሊንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ አገር ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ ተከለከለ። አንድ ኳርተር ስንዴ ከሁለት ኩንታል ጥቂት ይበልጣል፤ 80 ሺሊንግም 4 ፓውንድ ነው። በ1828 ክልከላው ከእህሉ ዋጋ ጋር ከፍና ዝቅ በሚል ቀረጥ ቢተካም የሕጉ ዓላማ አልተለወጠም። በፓርላማው አብዛኛውን ወንበር የያዙት ባለ ርስቶች ነበሩና፥ እህል ሲወደድ የመሬታቸው ኪራይ ይደልብላቸው ነበር።

ለፋብሪካው ሠራተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ደመወዙ በዳቦ ያልቃል፤ ደመወዙን በዳቦ የጨረሰ ሰው ደግሞ ልብስ አይገዛም። የባሕር ማዶው ገበሬም እንግሊዝ ስንዴውን ካልገዛችው የማንችስተርን ጨርቅ የሚገዛበት ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ ሕጉ የሠራተኛውን ጉሮሮ በአንድ በኩል፥ የባለ ፋብሪካውን ገበያ በሌላ በኩል ያንቅ ነበር።

የአንድ ሳምንት ቀጠሮ

በ1838 መከሩ ሳይሰምር ቀርቶ ዳቦ ተወደደ። በታኅሣሥ 13 ቀን የምክር ቤቱ አባላት ተሰበሰቡ። በወንበሩ የተቀመጡት ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዊልያም ውድ ነበሩ፤ እሳቸው የፓርላማም አባል ናቸው። ዳይሬክተሮቹ አንድ የአቤቱታ ረቂቅ አዘጋጅተው አቀረቡ። ረቂቁ ጨዋና ለስላሳ ነበር፤ ማንንም አያስቀይምም፥ ማንንም አያንቀሳቅስም። ሕጉ ይለዝብ ይላል እንጂ ይሰረዝ አይልም።

በዚያን ጊዜ ከተቃወሙት መካከል ሪቻርድ ኮብደን የሚባል የ34 ዓመት ባለ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ይህ ሰው እርሻው የከሰረበት የአንድ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በለንደን ከተማ በአጎቱ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ጸሐፊነትን የሚንቅ ካለ ይህን ያስታውስ። ኮብደን ረቂቁን ነቅፎ ብቻ አልተቀመጠም፤ ስብሰባው ለአንድ ሳምንት እንዲቀጠር ጠየቀ።

አንባቢ ሆይ፥ የታሪኩ ማጠንጠኛ ይህ ቀጠሮ ነው። በቁጣ የተሞላ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ አሁኑኑ እንወስን ማለት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኮብደን በታኅሣሥ 20 ቀን ሌላ ረቂቅ ይዞ መጣ። ረቂቁ በሌሎች የአውሮጳ አገሮች የሚስፋፉት ፋብሪካዎች የእንግሊዝን ገበያ እየወሰዱ መሆናቸውን አመለከተ፤ የእህሉ ሕግም ፈጽሞ እንዲሻር ጠየቀ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ሌላ ቃል ነበረበት፤ ይኸውም የንግድ ነፃነቱ በእርሻ ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ ሥራም ላይ እንዲፈጸም የሚጠይቅ ነው። ነጋዴዎቹ ለባለ ርስቱ የተሰጠው ከለላ ይነሣ ሲሉ ለራሳቸው የተሰጠውም አብሮ ይነሣ አሉ ማለት ነው። ልመና ምክር የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ አመልካቹ የራሱንም ጥቅም በሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጥ። የኮብደን ረቂቅ በብዙ ድምፅ ጸደቀ።

ድሉና ዋጋው

ነገር ግን ጥሩ ጽሑፍ ሁሉ ወዲያው ይሰማል ማለት አይደለም። በ1839 መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ውድ በፓርላማ ሲናገሩ የንግዱ ሁኔታ መልካም ነው አሉ፤ የሕጉ ደጋፊዎችም ይህን ቃል ይዘው ታዲያ ምን ጎደላችሁ ብለው መልስ ሰጡ። የአንድ ማኅበር ተወካይ አባላቱ ከወሰኑት ውጪ ሲናገር የስንቱ ድካም እንደሚፈርስ እዚህ ላይ ይታያል። አባላቱም በምርጫቸው ውድን አንሥተው ጆን ቤንጃሚን ስሚዝን በፕሬዚዳንትነት ተኩ። በዚያው ዓመት ፓርላማው የባለ ፋብሪካዎቹን ማስረጃ እንኳ ለመስማት እምቢ አለ።

ከዚህ በኋላ ትግሉ ለብቻው በተቋቋመ ማኅበር ሥር ዋለ። በ1839 የተመሠረተው ይህ ፀረ እህል ሕግ ማኅበር ሰባኪዎችን በየከተማው ላከ፥ ጽሑፎችን በየቤቱ አሠራጨ። ኮብደንም በ1841 የፓርላማ አባል ሆነ። በ1845 በአየርላንድ የድንች ተክል በበሽታ ጠፍቶ ረሀብ ሲመጣ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ሮበርት ፒል የገዛ ፓርቲያቸውን ለሁለት እስከ መክፈል ደርሰው በ1846 ሕጉን አሻሩ። ከመጀመሪያው ሕግ እስከ መሻሩ 31 ዓመት፥ ከዚያች የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ደግሞ ከ7 ዓመት በላይ ፈጀ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በንግድ ምክር ቤቱ ውስጥ ይህ አንድ ጉዳይ ሌላውን ሁሉ ዋጠው ብለው ያዘኑ አባላት ነበሩ፤ በ1845 ተለይተው ሌላ የንግድ ማኅበር አቋቋሙ። ሁለቱ እንደገና የተዋሐዱት በ1858 ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ማኅበር ሸክምን ያቀላል፤ ነገር ግን ሃምሳዎቹ ሎሚውን ወዴት እንደሚወስዱት ካልተስማሙ ሎሚው መበተኑ አይቀርም።

በአዳራሹ ያልነበሩት

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያስደስታል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢያቆም ግን ከእውነት ግማሹን ደበቀ ማለት ይሆናል።

በ1847 ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚያዝ ሕግ ለፓርላማው ቀረበ። የኮብደን የቅርብ ጓደኛ፥ ዳቦ እንዲረክስ የታገለው ጆን ብራይት፥ ይህን ሕግ በብርቱ ተቃወመ። ብራይት ራሱ ባለ ጥጥ ፋብሪካ ነበር። የሠራተኛው ጥቅም ከባለ ፋብሪካው ጥቅም ጋር ሲገጥም ሁለቱም አብረው ጮኹ፤ ሲለያይ ግን ሠራተኛው ብቻውን ቀረ። ሕጉን ያቀረበው ጆን ፊልደን ግን እሱም ባለ ጥጥ ፋብሪካ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሙያ የሰውን ዓይን ያጠባል እንጂ የግድ አያሳውርም። ሕጉም ጸድቆ ወጣ።

ከዚያም የራቀ አለ። የማንችስተር መፍተያ የሚውጠውን ጥጥ በአሜሪካ የሚለቅሙት ባሮች ነበሩ። ስለ ንግድ ነፃነት በተመከረበት አዳራሽ ውስጥ እነሱ ወንበር አልነበራቸውም። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የአንድ ሙያ ነጋዴዎች ሲሰበሰቡ ወሬው ዋጋ ወደ ማስወደድ እንዳያደላ ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በእኛ አገር

በአገራችን የአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 ከከተማ እስከ ክልልና እስከ አገር አቀፍ ድረስ ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ ፈቀደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የአገር አቀፉ ምክር ቤትና የንግድ ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር የመንግሥትና የግል ዘርፍ የምክክር መድረክ ለማቋቋም ተፈራረሙ። ስለዚህ ከላይ የተናገርነው ሁለተኛው ወረቀት በእርስዎም ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የኮሚቴው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመገመት የቆዳን ነገር እንውሰድ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ጥሬና በከፊል ያለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ የጣለ አዋጅ ወጣ። ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ፋብሪካ እንዲለፋ ነበር። እንዲህ ያለው ሕግ ለቆዳ ፋብሪካው ባለቤት ሲሳይ ነው፤ ጥሬውን ሰብስቦ ለሚልከው ነጋዴ ግን መከራ ነው። ከገጠር ቆዳውን ይዞ የሚመጣው ገበሬም ገዢው ሲያንስ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል። እንግዲህ ፋብሪካውና ላኪው የአንድ ምክር ቤት አባላት ቢሆኑ፥ ምክር ቤቱ የማንን ቃል ይዞ ይቅረብ?

ጥሩ ኮሚቴ ሁለቱንም ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ያንዱን አቤቱታ ለሌላው ያነብለታል። ስንት ቆዳ ተሰበሰበ፥ በስንት ተሸጠ፥ ስንት ሰው ሥራ አገኘ፥ ስንቱስ አጣ ብሎ ይጠይቃል። የተስማሙበትን በአንድ ወገን፥ ያልተስማሙበትንም ሳይሸሽግ በሌላ ወገን ይጽፋል። መጥፎ ኮሚቴ ግን የመዋጮ ገንዘቡ የበዛውን አባል ቃል ወስዶ የሁላችንም ሐሳብ ይህ ነው ብሎ ማኅተም ያደርግበታል። ሁለቱ ወረቀቶች በውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ማኅተማቸውም አይለይም።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርስዎ ማኅተሙን አይተው አይጣደፉ፤ የነጋዴ ጩኸት ነው ብለውም ወደ ሣጥን አይወርውሩት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። አመልካቾቹ ከራሳቸው ጥቅም ምን ለመተው እንደተዘጋጁ ይመልከቱ። በመጨረሻም ይህ ወረቀት በተጻፈበት አዳራሽ ውስጥ ያልነበረው ማን እንደሆነ ያስቡ። ነጋዴው የሚናገርለት ምክር ቤት አለው፤ ሸማቹና ቆዳውን ከገጠር ያመጣው ገበሬ ግን በዚያን ሰዓት የሚናገርላቸው ከጠረጴዛው በስተጀርባ የተቀመጠው ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ያም ሰው እርስዎ ነዎት።