በመንፈቀ ሌሊት የሚደርስ ቃሬዛ

የአዋላጅነት ትምህርቴን ፈጽሜ በ2005 ዓ.ም. በመንዝ ደጋ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ በተመደብሁ ጊዜ፣ ትዳርም ወሊድም ያላየሁ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁና፣ የመጀመሪያው ፈተናዬ ከሕማምም ከሞትም አስቀድሞ ከእናቶች ዐይን መጣ። ምጥ የያዛትን ምራታቸውን ደግፈው ያመጡ አንዲት አሮጊት ከእግር እስከ ራሴ ከተመለከቱኝ በኋላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳታምጪ ምጥ ልታስተምሪን ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከክፋት የመነጨ ነበር አልልም፤ በገዛ ጎጆአቸው ተንበርክከው፣ ጎረቤት ወገባቸውን ይዞ «ማርያም፣ ማርያም» እያለላቸው ስምንት ልጆች ለወለዱ ሴት፣ በቀዝቃዛ የብረት አልጋ ላይ በጀርባ መንጋለል ከረድኤት ይልቅ ቅጣት መስሎ ቢታያቸው አያስደንቅምና።

ስለዚህ ከመጽሐፍ የተማርሁትን ሳልጥል ከእነርሱም መማር ግድ ሆነብኝ፤ ተንበርክካ ማማጥ ለምትሻ እናት ምንጣፍ አነጠፍሁላት፣ አማቷ ከጎኗ እንዳይለዩ አደረግሁ፣ ቤተሰቡም እንግዴ ልጁን ወስዶ በደጁ ሊቀብር ሲለምን አልከለከልሁም፤ ገንፎውና ቡናውም እዚያው በእኛው ግቢ ይሰናዳ ጀመር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 26 ደረሱ። በእኔ ግምት ከዚህ ለውጥ ከፊሉ የገንፎው ዋጋ ነው።

እምነታቸውን ካገኘሁ በኋላ ግን ከፊተኛው የከበደ ፈተና ጠበቀኝ፤ እርሱም «ኑ» ብዬ የጠራኋቸው እናቶች በመንፈቀ ሌሊት ከደጄ ሲደርሱ፣ የጠራሁበትን ቃል የሚያጸና ነገር በእጄ አለመኖሩ ነው። በአገራችን ወላዶችን ከሚቀጥፉት ምክንያቶች ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ሲሆን፣ ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሚወጋው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ማሕፀንን አኰማትሮ ደሙን ይገታል፤ ነገር ግን ይኸው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል፣ መልኩ ግን አይለወጥምና የደከመውን ካልደከመው በዐይን መለየት አይቻልም።

በአንድ የነሐሴ ሌሊት ስምንት ጐልማሶች እየተቀባበሉ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥተው በቃሬዛ ያመጧት እናት በደኅና ተገላገለች፤ ሕፃኑም አለቀሰ፣ እልልታውም ተሰማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሕፀኗ እንደ ጨርቅ ላላ፣ ደሟም ፍራሹን አልፎ ወለሉን አራሰው። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና መድኃኒቱን ወጋኋት እንጂ መሥራቱን አላመንሁበትም፤ አምቡላንሱም ከወንዝ ማዶ ጭቃ ይዞታል ተባለ። የቀረኝ ረዳት የገዛ እጄ ነበር፤ አንዱን ከውስጥ በጡጫ፣ ሁለተኛውን ከሆዷ ላይ አድርጌ ማሕፀኗን በመካከል እየጨመቅሁ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። እኒያ «ምጥ ልታስተምሪን ነው?» ያሉኝ አሮጊት፣ የእናቲቱ አክስት ኖረው፣ ፋኖሱን ይዘው ቆመውልኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ወገግ ሲል አምቡላንሱ ደረሰ፤ እናቲቱም ዳነች።

በዚያው ክረምት ሌላዋ እናት ግን አልዳነችም፤ የእርሷን ነገር እዚህ ለመጻፍ ብዕሬ አልታዘዘልኝም።

ዛሬ በሌላ ወረዳ እሠራለሁ። በየማለዳው ከጸሎቴ ቀጥሎ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቼ የሙቀት መለኪያውን አያለሁ፤ በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን 14 ዲግሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በማቆያው ክፍል የሚወልዱበትን ቀን የሚጠብቁ ሦስት ድርስ እርጉዞች አሉ።