«ውርስ» እና የደም አርጊ ፕሮቲኖች መጠን

«ረጋ» የሚለው ግሥ ለወተትም፣ ለውሃም፣ ለደምም ያገለግላል። በመሆኑም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች «ደም አርጊ ፕሮቲኖች» ብሎ መሰየም ተርጓሚን አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠን ከትውልድ ሐረግ ጋር ያለውን ግንኙነት መግለጽ ነው። በሕክምና ጽሑፎች ትርጉም ላይ ነገሩ ሁሉ «ውርስ» በሚለው ቃል ሲጠቃለል እናያለን፤ ይህም ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ያደባልቃል።

አንደኛው የሄሞፊሊያ ዓይነቱ ነው። በአንድ ዘረ መል ጉድለት ምክንያት ፋክተር ፰ ወይም ፋክተር ፱ ያንሳል ወይም ይጠፋል፤ እናትም ራሷ ሳትታመም ጉድለቱን ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች። የተላለፈ ነገር ስላለ «ወረሰ» ማለት እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ግን የልዩነት ጉዳይ ነው። የጤነኞችም የደም አርጊ ፕሮቲኖች መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ከዚህ ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረ መል የመጣ ነው? በስፔን 21 ቤተሰቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ለፋክተር ፲፪ የሰጠው መልስ 67 በመቶ ያህል ነው። ይህን «ፋክተር ፲፪ 67 በመቶ በውርስ ይገኛል» ብሎ መተርጎም አያስኬድም። በአማርኛ ውርስ የሚከፋፈል ሀብት ነው፤ ወራሽና ድርሻ አለው። አንባቢው «ካለኝ ፕሮቲን ሁለት ሦስተኛው የአባቴ ነው» ብሎ ይረዳል። አባቱ በደም ሥር ውስጥ በረጋ ደም የሞተበት አንባቢ ደግሞ የራሱ ዕጣ በመቶኛ የተነገረው ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን በተጠኑት ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም።

ስለዚህ «ውሃ ወለድ» በሚለው ስያሜ አምሳል «ዘረ መል ወለድ ልዩነት» እንዲባል እናሳስባለን፤ ይኸውም «በፋክተር ፲፪ መጠን ከሚታየው ልዩነት 67 በመቶ ያህሉ ዘረ መል ወለድ ነው» እንዲሆን ነው። «ዘር ወለድ» ቢያጥርም «ዘር» ወገንና ጎሣ ማለትም ስለሆነ የባሰ ጥርጥር ያመጣል። ሆኖም ዘረ መሉ የግድ የፕሮቲኑ የራሱ አለመሆኑ ሊስተዋል ይገባል። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪሌብራንድ እ.ኤ.አ. በ1926 በኦላንድ ደሴቶች ቤተሰብ ላይ ያየውን የመድማት በሽታ ገለጸ፤ በስሙ የሚጠራው ፕሮቲን የደም ዓይነታቸው ኦ በሆነ ሰዎች በአማካይ ሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ምክንያቱ የደም ዓይነትን የሚወስነው ዘረ መል ነው።

«ቤተሰብ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ የቤት ሰው ሁሉ፣ የትዳር ጓደኛም ሳይቀር፣ የሚገባበት ነው። ተመራማሪው ግን የሥጋ ዝምድናን ከአንድ ማዕድ ተካፋይነት ለይቶ ይመዝናል፤ እርሱ የለያየውን ቃላችን መልሶ ያጣምረዋል። እንደ አገባቡ «የሥጋ ዘመዶች» ወይም «አብሮ ነዋሪዎች» ማለት ይሻላል።

ፋክተሮቹ በሮማውያን ቁጥር ስለሚጠሩ በግዕዝ አኃዝ ጽፈናቸዋል፤ ስሙ ከመጠኑ ጋር እንዳይምታታ ይረዳል። ፮ ቁጥር ባዶ ነው፤ ያን ስም ይዞ የነበረው የነቃው ፋክተር ፭ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።