ለጎረቤት ከተማ ወተት ይሸጣል እንጂ መሬት አይሸጥም

ባሕር ዳር ከተማ እየሰፋች ስትሄድ በዙሪያዋ ያሉት ትናንሽ መንደሮችም አብረው እየተቀየሩ ነው። ወደ መርዓዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው መሸንቲና በጎንደር መውጫ በኩል ያለችው ዘንዘልማ ለዚህ ማሳያ ናቸው። ጤፍና በቆሎ ከሚዘራበት ማሳ አጠገብ አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ። መጤውና ነባሩ ጎረቤት ሆነዋል።

የመሀል ከተማው የቤት ኪራይ የከበደው የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛውና ገና ጎጆ የወጡ ወጣት ባለትዳሮች ወደ ዳር የሚወጡት ኪራይ ስለሚቀንስላቸውና ግቢ ስለሚሰፋላቸው ነው። ይሁን እንጂ ከኪራዩ የተረፈው ገንዘብ ለታክሲና ለባጃጅ ይወጣል። የቧንቧ መስመር ከመድረሱ በፊት ቤት ስለሚሠራም ብዙዎች የጉድጓድ ውኃ ይጠቀማሉ። መጸዳጃ ቤትና የውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ሊራራቁ ይገባል። በጠባብ ቦታ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ካልተመካከረ የአንዱ መጸዳጃ የሌላውን ውኃ ይበክላል።

ደጅ ድረስ የመጣ ገበያ

ለአርሶ አደሩ የእነዚህ ቤተሰቦች መምጣት ገበያ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ከማሳው ብዙም ሳይርቁ ይሸጣሉ። በተለይ ወተት ሳይቀዘቅዝ ቢቆይ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሽ፣ ገዥ በቅርብ ያለው አርሶ አደር ከሩቁ ይልቅ ይጠቀማል። ዕቃን በወይራ ማጠንና ከመታለቡ በፊት ጡት ማጠብ ደንበኛ ያቆያል። በጾም ወራት ፈላጊ ሲቀንስ ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ መለወጥ ኪሳራን ያስቀራል።

አስቸጋሪው ነገር መኖ ነው። የግጦሽ መሬቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ላሞችን አስሮ መቀለብ ግድ ይሆናል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ደግሞ ትርፉን ይበላሉ። በማሳ ዳርና በእርከን ላይ የዝሆን ሳር መትከል ወጪውን ያቃልላል። መጤዎቹም በበኩላቸው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሜዳ ላይ የሚጣል ፌስታል ላም ሆድ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። አርሶ አደሩ ፍጉን በክፍት ከማከማቸት ይልቅ ኮምፖስት ቢያደርገው የጎረቤቱን ቅሬታ ያስወግዳል፤ የጓሮ አትክልቱንም ያለማበታል።

በቁራጭ የሚያልቅ ማሳ

ሥጋቱ ያለው ገበያው ከወተት አልፎ ወደ መሬቱ ሲመጣ ነው። አንድ ቃዳ ወይም ሩብ ሄክታር 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ነው። በ200 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን፣ መንገድ ሳይታሰብ እንኳ 12 ቦታ ብቻ ይወጣዋል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሲታይ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ለልጅ የሚተርፍ ማሳ አይኖርም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በብድር ወይም በስጦታ ስም የሚጻፍ ውልም ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም። ገዥው የሠራው የጨረቃ ቤት ሲፈርስ ጥሪቱን ያጣል፤ ሻጩ ደግሞ መሬቱን። በይዞታ ደብተሩ ላይ የሚስትም ስምና ፎቶ ሰፍሮ እያለ ከእርሷ ተደብቆ የሚደረግ ውል ቤት ያፈርሳል።

መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ግን ሕጉ የካሳ መብት ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የ5 ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ምትክ መሬት ላላገኘ የገጠር ባለይዞታ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ደንግጓል። ለምሳሌ አንድ አርሶ አደር በ3ቱ ዓመታት 40 ሺህ፣ 55 ሺህና 60 ሺህ ብር አግኝቶ ቢሆን፣ ስሌቱ ከ60 ሺህ ብር ተነስቶ 900 ሺህ ብር ይሆናል። በመሬቱ ላይ ላለ ንብረት የሚከፈለው ለብቻው ነው።

ስለዚህ የምርቱን መጠንና የሸጠበትን ዋጋ በደብተር የሚይዝ፣ ደረሰኙንም የሚያስቀምጥ አርሶ አደር በግምት ሲሰላበት የሚከራከርበት ማስረጃ ይኖረዋል። አዋጁ ተነሺዎችን ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ማማከርን ያዛል። ቅሬታ ያለውም የመልቀቂያ ትዕዛዝ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ ይችላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ የመሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች አሁን የሚሠራበትን ድንጋጌ ለአርሶ አደሩ በቀበሌ ስብሰባ ሊያስረዱት ይገባል።

የወረዳና የከተማ አመራሩም ቤት ከተሠራ በኋላ ለማፍረስ ከመሮጥ ይልቅ አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባው አለ። የከተማው ፕላን የትኛውን ማሳ እንደሚነካና የትኛውን እንደማይነካ በግልጽ ይነገር። በሕጋዊ መንገድ ቤት መሥራት ለሚፈልገው ቦታ በጊዜው ይቅረብለት፤ ይህ ሲዘገይ ነው ደላላ የሚገባው። በመስኖ የሚለማና ለመኖ የሚሆን መሬት ተለይቶ ይጠበቅ። ከመሬቱ የሚነሳው ቤተሰብም ካሳው ከማለቁ በፊት በወተት፣ በዶሮና በአትክልት ሥራ ሥልጠናና የመሥሪያ ቦታ ያግኝ።

የዳር ከተማ ኑሮ ለመጤውም ለነባሩም የሚበጀው ሁለቱም የየድርሻቸውን ይዘው ሲቆዩ ነው። ላሟ ያለችው አርሶ አደር ከጎረቤቷ በየቀኑ ገቢ ታገኛለች። መሬቱን የሸጠ ግን አንዴ ተቀብሎ ነገ በገዛ ቀዬው ተከራይ ይሆናል።