ጢስ የሚታጠቡበት ክፍል

መታጠቢያ ቤቱን ማረፊያ ለማድረግ የሚያድስ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያወጣው ለገንዳ፣ ለሴራሚክና ለመብራት ነው። በካርቱም ግን ይህ ልማድ ብዙም አያዋጣም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውሃውን ራሱ አሙቆ ያወርደዋል፤ በሙቅ ገንዳ መዘፍዘፍ ማንንም አያሳርፍም። የሱዳን ሴት ዕረፍቷን የምታገኘው ከዱኻን፣ ማለትም ከጢስ መታጠቢያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የተጎዳ ቤቱን የሚጠግን ቤተሰብም ከገንዳው በፊት ለዱኻኑ ቦታ ቢያስብለት ይበጀዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወለሉ ውስጥ ጠባብ ጉድጓድ ይቆፈራል ወይም የሸክላ ዕቃ ይቀበራል፤ በፍም ላይ ጣልሕ የሚባለው የግራር እንጨት ይጨመራል። መሐሉ የተቀደደ ሰሌን ይነጠፍበታል። ሴትየዋ ገላዋን ቅባት ተቀብታ ጉድጓዱ ላይ ትቀመጥና ሸምላ በተባለ ወፍራም የሱፍ ልብስ እስከ አንገቷ ትሸፈናለች፤ ጢሱ ከውስጥ ታፍኖ ላቧን ያንቆረቁረዋል። ስትነሣ ቆዳዋ ወርቅማ መልክ ይዞ፣ ሽታው ለቀናት አብሯት ይቆያል። ከጣልሕ ሌላ ሻፍ የሚሉትን እንጨት ይጠቀማሉ፤ ይህ እኛ ወይባ የምንለው ዛፍ ነውና የወሎና የትግራይ ሴቶች ነገሩን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻቸውም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 የአትባራንና የተከዜን ዳርቻ ሲያስስ ይህንኑ ጉድጓድ አይቶ፣ በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር ጽፎታል።

ልማዱ ባልን ለማስደሰት የተፈጠረ ነው የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ዱኻን ከጋብቻ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ለሳምንታት ትሞቀዋለች። ነገር ግን አራሷም ወገቧን ለማጠንከር፣ አሮጊቷም የመገጣጠሚያ ሕመሟን ለማስታገስ ይቀመጡበታል። ለራስ ገላ የሚሰጥ፣ ማንም የማያቋርጠው ጊዜ መሆኑን እነዚህ ሴቶች ያሳያሉ። ከዚህ የሚከብደው የጤና ጥያቄ ነው። ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ይገድላል። የድሮው ቤት ሰፊ ግቢ፣ ሆሽ የሚሉት፣ ስለነበረው አደጋው ያን ያህል አልነበረም፤ ትንሽ መስኮት ባላት የአፓርታማ ሻወር ውስጥ ግን ያንኑ ማድረግ ሞትን መጋበዝ ነው። ስለዚህ ዱኻኑ ከሻወሩ ተለይቶ ወደ ግቢ ወይም ወደ ሰገነት በሚከፈት ደረቅ ጥግ ይሁን፤ ግድግዳው ከታችም ከላይም አየር ማስገቢያና ማስወጫ ይኑረው፤ ከሰሉም ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብቻ ይግባ። ይህ ሥጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውምና ብቻን መቀመጥ አይገባም፤ ነፍሰ ጡርም ብትርቀው ይሻላል። የሚያብለጨልጭ ነጭ ሴራሚክም እዚያ ጥግ ቦታ የለውም፤ የጣልሕ ጥላሸት ይዞት ይቀራል። ሸካራ ድንጋይ ወይም ጡብ ይሻላል። ሸክላው ዙሪያውን በአሸዋ ተሞልቶ ቢቀበር ሙቀቱ ወለሉን አይሰነጥቀውም፤ በማይውልበት ቀን ደግሞ የብረት ክዳን ቢደረግበት ልጅ አይወድቅበትም።