ጨረር አመንጪ ዕቃ እንዴት ታሽጎ ይጓዛል?

ኮባልት 60 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ አገልግሏል። በቃሊቲም ወንዱን የቆላ ዝንብ በጋማ ጨረር ማምከን ተችሏል፤ ገንዲ ከብቱን የፈጀበት የጃዊና የጓንጓ ገበሬ ይህ ጥቅም አይሰወረውም።

ይሁን እንጂ የኮባልት 60 ኃይል በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲሱ ከባሕር ማዶ መምጣት፥ አሮጌውም መነሣት አለበት። ለሕክምና የሚበቃው መጠን ግን ያለ መከለያ ቢገኝ አጠገቡ ጥቂት ደቂቃ የቆመን ሰው ለሞት ያደርሳል። ታዲያ በምን ይጓዛል?

በመጀመሪያ በማይዝግ ብረት በተሠራ ድርብ ቀፎ ውስጥ ተበይዶ ይታሸጋል። ከዚያ በወፍራም እርሳስ ይከበባል። 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል እርሳስ ጨረሩን በግማሽ ስለሚቀንሰው፥ አሥር እጥፉ ወደ አንድ ሺሕኛ ያወርደዋል። ነገር ግን እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ስለዚህ በብረት ሣጥን ይታቀፋል።

አሁን የጭነት መኪናው የዓባይን በረሃ ወርዶ፥ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ እንጅባራና ዳንግላ ይመጣል እንበል። መኪናው ቢገለበጥስ? ቢቃጠልስ? ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ያወጣው ደንብ ለዚህ መልስ አለው። የሣጥኑ ናሙና ከ9 ሜትር ከፍታ ፈጽሞ በማይበገር ወለል ላይ፥ ከ1 ሜትርም በቆመ የብረት ዘንግ ላይ ይጣላል። ቀጥሎ በ800 ዲግሪ እሳት ለ30 ደቂቃ ይነዳል። ውሃ ውስጥም ይጠለቃል። ይህን ሁሉ ችሎ መከለያው ካልጸና ፈቃድ አያገኝም።

እንግዲህ ሣጥኑ ገደልንና እሳትን ይችላል፤ የማይችለው የሚከፍተውን እጅ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ፥ ከተተወ ሕክምና ቤት የተወሰደ የሲዚየም መሣሪያ ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጦ ተከፈተና 4 ሰዎች ሞቱ። በ2013 በሜክሲኮ ከጭነት መኪናው ጋር የተዘረፈ ኮባልት 60 ከመከለያው ወጥቶ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ።

ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደ አገራችሁ የምትገቡ የአዊ ልጆች ሆይ! ለቁራሌው፥ ለጋራዥ ሠራተኛውና ለሹፌሩ ይህን ንገሩ፦ በቢጫ ላይ ጥቁር ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት፥ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ዕቃ ሲገኝ አይነካም፥ አይከፈትም፥ አይሸጥም፤ ርቆ ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። ብረቱ ከቆመበት ላይ የሚቀጥለው መከለያ የሰው ዕውቀት ነውና።